ጉንጩ የሞላ ወደ ውሃ

ጆሯችሁን ወዲህ በሉ፤ የሚቁነጠነጥም ካለ አደብ ይግዛ! በድሮ በድሮ ዘመን፣ ማንም ስሙን በማያስታውሰው አገር፣ አንድ ሰፊ ሐይቅ ነበረ። በዳርቻው ያለው እንስሳ ሁሉ ዓሣ አጥማጅ ነው። ንስር በጥፍሩ፣ ቀበሮ በመንጠቆ፣ ጦጢት ደግሞ በደንገል ታንኳዋ ላይ ቁጢጥ ብላ በመረብ ያጠምዳሉ።

የሐይቁ ሹም አባ ጉማሬ ነበሩ። ማን እንደሾማቸው አልጠየቅሁም፤ እናንተም ያንን የሚያህል አፍ ብታዩ አትጠይቁም። መውጫው ላይ ተጋድመው የአላፊውን ሁሉ ቅርጫት ያስከፍታሉ። ሕጋቸው አንዲት ናት፦

«ጉንጩ የሞላ ወደ ውሃ፣ ጉንጩ የጎደለ ወደ ቅርጫት!»

ለምን መሰላችሁ? ቆሮሶ የምትባለው ዓሣ ልጆቿን የምታሳድገው አፏ ውስጥ ነው። እስኪጠነክሩ ድረስ፣ እህል ሳትቀምስ፣ ጉንጯን ነፍታ ትዞራለች። እሷን የበላ የከርሞውንም በላ ማለት ነው።

አንድ ቀን ታዲያ ጦጢት መረቧን ስትስብ፣ ጉንጯ እንደ ሙልሙል የተነፋ ቆሮሶ ወጣች።

«እሰይ! ምን ጎርሰሽ ነው፣ እመቤት?»

ቆሮሶ ዝም። እንዴት ትናገር? አፏን ብትከፍት ልጆቿ ሊበተኑ! ዓይኗን ብቻ ታጉረጠርጣለች።

«ኧረ ኩራት! ለሰላምታም አፍ የለሽ?»

ዝም።

ጦጢት ራሷን አከከች። «ሕጉ ‹ጉንጩ የሞላ› ነው የሚለው። እኔ ባጎድለውስ?» የቆሮሶን ጉንጭ ጫን ስታደርገው ልጆቹ ዱብ ዱብ አሉ። አፈስ አድርጋ በራሷ ጉንጭ ከተተቻቸው። ጦጣ መቼም ያገኘችውን እዚያው አትበላም፤ በጉንጯ ይዛ ዛፏ ላይ ወጥታ ነው። ታች ብትበላ «አቃምሺኝ» የሚል አይጠፋማ!

መውጫው ላይ ስትደርስ አባ ጉማሬ ቅርጫቱን አስከፈቱ።

«ጉንጩ የሞላ ወደ ውሃ፣ ጉንጩ የጎደለ ወደ ቅርጫት!» አሉና የቆሮሶን ጉንጭ ዳሰሱ። ባዶ። «እለፊ ልጄ።»

«እምም» አለች ጦጢት፣ ራሷን ነቅንቃ።

በማግስቱም እንዲሁ፤ ከዚያም ወዲያ እንዲሁ። እሷ «እምም» እያለች ታልፋለች፤ ሐይቁ ደግሞ እያደር ጭር ይላል።

ክረምቱ ወጥቶ በጋው ሲገባ፣ ንስር አባ ጉማሬ ዘንድ መጣ።

«አባ፣ ሐይቅዎን ምን ነካው? ስወረወር ውዬ የማወጣው ጭቃና ቅጠል ነው። ጫጩቶቼ በረሃብ ሊያልቁብኝ ነው!»

«የእኔማ መንጠቆ ዛገ» አለ ቀበሮ። «ትል እንኳ ይስቅብኝ ጀመር።»

አባ ጉማሬ አፋቸውን ከፍተው አዛጉ፤ ሲያስቡ ያዛጋሉ። «የሚወጣውን ሁሉ እኔው ዳስሼ ነው የማሳልፈው። ትንንሾቹ የት እንደሚገቡ ነው የጠፋኝ።»

ይህን ሲሉ ጦጢት ቅርጫቷን አዝላ ብቅ አለች።

«እንደምን ዋልሽ፣ ጦጢት?»

«እምም።»

«ዛፍሽ ደህና ነው?»

«እምም።»

አባ ጉማሬ ቅርጫቱን ከፈቱ። እርጥብ ቄጠማ ላይ አንዲት ቆሮሶ ታጣጥራለች። «የዚህች ጉንጭ ምነው እንደ አራስ ሆድ ተሸበሸበ?»

«እምም!»

ቀበሮ ተጠግቶ ጦጢትን አያት። «አባ፣ ይቺ ጦጣ ዱሮ አፏ ወፍጮ አልነበር? ዛሬ ምን ለጎማት? ጉንጯንስ ይዩልኝ! ጥርሷን አሟት ይሆን?»

ጦጢት ራሷን በፍጥነት ነቀነቀች፤ አዎ፣ ጥርሴን ነው ለማለት።

«እንግዲያው እኔ ጥርስ አላውቅም» አሉ አባ ጉማሬ። «የማውቀው ሕግ ነው። ጉንጩ የሞላ ወደ ውሃ!» ብለው በጅራቷ ብድግ አድርገው ወረወሯት። ቧ!

ጦጣና ውሃ ደግሞ ታውቋቸዋላችሁ። «ኡኡ! የአገር ያለህ!» ብላ አፏን ስትከፍት፣ የቆሮሶ ልጆች እንደ ምንጭ ፈለቁ። አባ ጉማሬም ቅርጫቱን ውሃው ላይ ደፉት። ቆሮሶ ነፍስ ዘራች፤ አፏን ከፈተች፤ ልጆቿ እየተጋፉ ገቡላት። ከዚያ እንደ ልማዷ ዝም።

ጦጢት ደንገሉ ላይ ተንጠልጥላ ትጮኻለች። «ሕጉ ለዓሣ ነው እንጂ ለጦጣ ነው እንዴ?»

«ለጉንጭ ነው» አሉ አባ ጉማሬ፣ ተመልሰው እየተጋደሙ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እዚያ አገር መውጫው ላይ የዓሣው ብቻ ሳይሆን የአጥማጁም ጉንጭ ይዳሰሳል። ንስርም በከርሞው ጫጩቶቹን አጠገበ።

እኔም የጎረስኩትን ተረት ወደ ውሃው መለስኩ፤ ጉንጬ ባዶ ነው፣ ዳስሱኝ! እናንተ ግን ይህቺን ያዙልኝ፦

የነገን በጉንጩ የያዘ፣ በጉንጩ ተያዘ።