ኮርቻ ሠሪው አያ ደምለው የመለሰው

ልጆች ሥራ ሲይዙ ምከረን ብለው ይመጣሉ። እኔ ምክር አላውቅም። የማውቀው አያቴ ደምለው ያለውን ነው፤ እሱንም አባቴ እንደነገረኝ።

አያቴ ጎጃም ውስጥ ኮርቻ ሠሪ ነበር። የጌታም ሆነ የባላገር በቅሎ፣ በእሱ እጅ ያልተለካች አልነበረችም። ደጁ ላይ ካለው ዋርካ ሥር ቆዳውን ዘርግቶ፣ ወስፌውን ይዞ ይውላል። ብዙ አይናገርም። የተናገረ ዕለት ግን አገር ሳምንት ይስቃል።

*

የአገሩ ገዥ ቀኛዝማች ተገኔ ኮርቻ ሊያሠሩ መጡ። ወፍራም ሰው ናቸው። አያቴ መለኪያ ገመዱን አንሥቶ በቀጥታ ወደ በቅሎዋ ሄደ። ጀርባዋን ለካ፣ ትከሻዋን ለካ፣ ሆዷን ዳበሰ፣ ጆሮዋ ሥር ደግሞ አከክ አከክ አደረጋት። ቀኛዝማች ቆመው ቆመው ደከማቸው።

“አንተ፣ የምቀመጠው እኔ ነኝ። እሷን ምን ያስለካሃል?” አሉት።

«ጌታዬ፣ እርስዎ የቆረቆረዎት እንደሆነ ይናገራሉ፤ እሷ ግን ትጥላለች።»

ኮርቻው አለቀ። ቀኛዝማች ጫኑት፣ ተቀመጡበት፣ ወደዱት። የኋላው ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚህ መውደድ ነው።

*

ባላምባራስ አጥናፉ የሚባሉ ጎረቤት ነበሩት። ሥራ የላቸውም። በየጧቱ ዋርካው ሥር ይመጡና “ይሄ ስፌት ጠመመ፤ ይሄ ጠፍር ላላ፤ እዚህ ጋ ሳብ አድርገው እንጂ” ሲሉ ይውላሉ። አያቴ ወር ሙሉ እየሰማቸው ሰፋ። አንድ ቀን ግን ወስፌውን በልብሱ ጫፍ ጠረገና ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ አቀረበላቸው።

“ምንድን ነው ይሄ?” አሉ ባላምባራስ።

«እንቀያየር። እርስዎ ይስፉ፣ እኔ ልናገር፤ ዛሬ ወገቤን አሞኛል።»

ባላምባራስ ተቀይመው ሳምንት ቀሩ። ከዚያ የልጃቸው ሠርግ ደረሰና፣ ጎረቤት ነው፣ ጠሩት። ስስታቸው የታወቀ ነው። ሥጋው ከመኳንንቱ ጀምሮ ወደ ታች ይዞራል። ኮርቻ ሠሪ በር አጠገብ ነው የሚቀመጥ። እዚያ ሲደርስ ከበሬው የቀረው አንድ የተጋጠ አጥንት ነው። አያቴ አጥንቱን አየው፣ ገለበጠው፣ ከዚያ ይዞት ተነሣና በሰው መሀል ወደ ላይኛው ገበታ ገሠገሠ።

“ደምለው፣ ወዴት ነው?” አሉ ባላምባራስ።

«ዘመዶቹ እላይ ናቸው፤ ላደርሰው ነው።»

*

አንድ የማይታወቅ ጎበዝ ደግሞ ባንዲት ግራጫ በቅሎ መጣ። እርካቡ ተበጥሶበት ሊያስጠግን ነው። አያቴ ኮርቻውን ገና ከሩቅ ሲያየው የገዛ ስፌቱ ነው። ማን እንዳሠራውም ያውቃል፤ ወንዝ ማዶ ያሉ ሽማግሌ ናቸው።

“ደኅና ኮርቻ ነው። ከየት አገኘኸው?” አለው።

“የሞተው አባቴ ያወረሰኝ ነው” አለ ጎበዙ።

«እሰይ፣ አባትህ ተነሥተዋላ። ማክሰኞ ዕለት አንተ ያለህበት ላይ ቆመው በቅሎዬ ከነኮርቻዋ ተሰረቀች ሲሉ ነበር። ቁጭ በል፣ ልጥራልህ።»

ጎበዙ ቁጭ አላለም። በቅሎዋንም አላስታወሳት። ዳገቱን በእግሩ ሲወጣው ያየ ሰው፣ በቅሎም እንደዚያ አትሮጥም ብሏል።

*

አሁን ወደ ቀኛዝማች ልመለስ።

ቀኛዝማች ኮርቻውን በወደዱ ባመቱ ላኩበት። “ከእንግዲህ ግቢዬ ገብተህ ትቀመጣለህ። ለእኔ ብቻ ትሠራለህ። ለሌላ ሰው አንዲት ጠፍር እንዳትቋጥር” አሉት። አያቴ እንቢ አለ። ከሰሱት።

ይሄ ቀልድ አልነበረም። ከገባ መውጫ የለውም። ዋርካውም፣ ደጁም፣ የመጣውን ሁሉ ማስተናገዱም ቀረ ማለት ነው። ባላገሩም ፈራ፤ ሌላ ኮርቻ ሠሪ ያለው የሁለት ቀን መንገድ ተሂዶ ነው፤ ያም ሰውዬ የሚሠራው የበቅሎውን ሁሉ ጀርባ እየላጠ ገጣባ ያደርጋል።

በዚያ ዘመን ሁለት ሰው የተካሰሰ እንደሆነ የልብሳቸው ጫፍ ካንዱ ወዳንዱ ይቋጠራል። ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ቁራኛ ይሉታል። ታዲያ ጌታ ከኮርቻ ሠሪ ጋር አይቋጠርም። ቀኛዝማች በእሳቸው ፈንታ ጎሹ የሚባል ጦር ያዥ አሽከራቸውን አስቋጠሩ። ዳኛው በሌላ ጉዳይ ራቅ ብለው ሄደው ነበርና ቀጠሮው ሦስት ሳምንት ሆነ።

ጎሹ ቁመቱ የባሕር ዛፍ ነው። አያቴ አጭር ነው። አያቴ ቆዳ ለመዘርጋት ጎንበስ ሲል ጎሹ አብሮ ይጎነበሳል። ጠፍር ሲስብ ጎሹ አብሮ ይሳባል። አያቴ የጠፋ ወስፌ ፍለጋ ዋርካውን ሦስት ጊዜ ሲዞር፣ ጎሹም ጦሩን እንደያዘ ሦስት ጊዜ ይዞራል።

በሦስተኛው ቀን “አያ ደምለው፣ ኧረ ወገቤ” አለ ጎሹ።

“ጦሩን አስቀምጥና ይቺን ጫፍ ያዝልኝ። ይቀልሃል” አለው አያቴ።

ያዘ። ቀለለው። በሳምንቱ ጠፍር ይቆርጣል። በሁለተኛው ሳምንት ወስፌ ጨበጠ። ጦሩ ላይ ዶሮ ሰፈረችበት።

ቀኛዝማች፣ እስቲ እስረኛዬን ልይ ብለው አንድ ቀን ከተፍ አሉ። ቢያዩ ጎሹ አንገቱን ደፍቶ ይሰፋል። አያቴ አጠገቡ፣ ቋጠሮው እንደተቋጠረ፣ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተኝቷል።

“ጎሹ! ጠብቅ ብዬ የሰደድሁህ ይሄን ነው?” ሲሉ አያቴ ባርኔጣውን ገለጥ አደረገ።

«ቀስ ብለው ይናገሩ ጌታዬ፣ አያስቱት፤ የሚሰፋው የርስዎን ሁለተኛ ኮርቻ ነው።»

*

ቀጠሮው ደረሰ። አገሩ ሁሉ ወጣ። ባላምባራስ አጥናፉ እንኳ መጡ፤ አያቴ ግቢ ከተዘጋበት የሚነቅፉት ሰው ያጣሉ። ዳኛው አዛዥ ውብነህ ይባላሉ፤ ከላይ የተሾሙ፣ ለማንም የማያደሉ ሽማግሌ ናቸው። ሳቅ የሚባል አይወዱም።

“እስቲ ይናገሩ” አሉ ቀኛዝማችን።

“መሬቱ የእኔ ነው። በመሬቴ ላይ የሚኖር ሰው የእኔ ነው” አሉ ቀኛዝማች።

«መሬቱ የርስዎ ነው ጌታዬ። እጄን ግን ከእናቴ ነው ያመጣሁት።»

ሰዉ ጉርምርም አለ። አዛዥ ከዘራቸውን አነሡና ጸጥ አሰኙት። ከዚያ ወደ ቀኛዝማች ዞሩ።

“ቀኛዝማች፣ አንድ ኮርቻ አለዎት። ሁለተኛም አሽከርዎ እየሰፋልዎት ነው አሉኝ። አንድ ሰው ባንድ ጊዜ በስንት ኮርቻ ይቀመጣል? ይሄን ሰው ለብቻዎ የሚሹበትን ምክንያት ይንገሩኝ። ደምለው፣ አንተም ስማ። ለምክንያታቸው መልስ ካጣህ ዛሬውኑ ግቢ ትገባለህ። ከመለስህ ቋጠሮው ይፈታል፣ ወደ ዋርካህ ትሄዳለህ። ሁለተኛ አልሰማችሁም።”

ጎሹ ቋጠሮውን በጁ ያዘ።

ቀኛዝማች ካባቸውን ሰብሰብ አደረጉና ደረታቸውን ነፉ።

“ምክንያቴ ይሄ ነው። ዛሬ ገበያ ብወጣ ባላገሩ ሁሉ እንደ እኔ ባማረ ኮርቻ ተቀምጦ ይመጣል። ጌታው ማን፣ ባላገሩ ማን፣ አይለይም። እኔ ስመጣ አገሩ ከሩቅ ሊለየኝ ይገባል” አሉ።

አዛዥ አገጫቸውን ወደ አያቴ ቀና አደረጉ። አያቴ ቀኛዝማችን ከእግር እስከ ራስ አያቸው። በቅሎዋንም አያት። እጅ ነሣ።

«ለዚህማ እኔን ግቢ መዝጋት ምን ያደርጋል ጌታዬ? ኮርቻውን ያውርዱና በባዶ ጀርባ ይምጡ፤ ከሩቅ ነው የሚለዩት።»