ምድጃውን ሦስት ጊዜ ያዛወረው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ማኅበር ይጠጡ በነበረበት ዘመን፣ የመደገስ ተራው ለአያ ጅቦ ደረሰው። የቀረው ስምንት ቀን ነበር። ሙሴ ተብሎ ማኅበሩን የሚመራው አንበሳ ደግሞ ድግሱ ካልጣመው ደጋሹን የሚበላ ጌታ ነው።

አያ ጅቦ ልቡ አላርፍ አለው። ማድቤቱ ጠባብ ናት። ምድጃው በሩ ሥር ስለሆነ ንፋስ በገባ ቁጥር ጭሱ ዓይኑን ያጠፋዋል፤ እንስራው መሐል ስለተጎለተ ዞር ባለ ቁጥር በዳሌው ይገፋዋል። ይቀመጣል፣ ይነሣል፣ ደጅ ወጥቶ ይመለሳል።

ጎረቤቱ እትዬ አህይት ኮቴውን ሰምታ ከአጥሩ ማዶ ብቅ አለች። አጥሩን ማለፍ ግን አላሰበችም፤ ምክር ሌላ፣ ሥጋ ሌላ።

«አያ ጅቦ፣ እኔም አምና ማድቤቴን አዛውሬያለሁ» አለችው። «ዛሬ እንስራውን ብቻ ወደ ጥግ ውሰድ። ካልተመቸህ መመለስ ነው። ነገ አዲሱን ምድጃ በጓሮ በኩል ሥራና ሳምንት ይድረቅ። እሳት መቻሉን ሳታይ አሮጌውን እንዳትነካ!»

«ሳምንት ሙሉ?»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰማህም?»

«እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ እኔን አንበሳ ይብላኝ?» ብሎ ጮኸባት።

ጩኸቱን ሰምታ ቀበሮ መጣች። እውነቱን ለመናገር፣ ያመጣት ለድግሱ የተሰቀለው ቋንጣ ሽታ ነው።

«አንተን የመሰለ ጎበዝ በአህያ ምክር ሊመራ? ዛሬውኑ አፍርሰህ ዛሬውኑ ሥራ! ሰፊ ማድቤት እኮ እጥፍ ቋንጣ ይይዛል።»

እጥፍ ሲባል የአያ ጅቦ ለሃጭ ተዝረከረከ። «ቋንጣውንስ እስከዚያ የት ላድርገው?»

«አቧራ እንዳይነካው እኔ ቤት ይቆይልሃል። ጎረቤት ለመቼ ነው?»

አያ ጅቦ ቋንጣውን ለቀበሮ አስረክቦ አሮጌውን ምድጃ ናደው። እንስራውን ሲጎትት ሰበረው። ጭቃ አቡክቶ አዲስ ምድጃ ሠራ፤ በማግስቱ ግን አልተመቸኝም ብሎ አፍርሶ ወደ ሌላ ግድግዳ ወሰደው። ሁለት ቀን ቆይቶ እሱንም አፈረሰ። ሦስተኛውን ለስኖ የጨረሰው በድግሱ ዋዜማ ነበር።

በማግስቱ አንበሳ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። «አያ ጅቦ፣ ምነው ምንም አይሸተኝም?»

«ደረሰ ጌታዬ፣ ደረሰ!» እያለ አያ ጅቦ እሳቱን ለኮሰ። እርጥቡ ጭቃ ተሰነጠቀ፣ ድስቱ ተገለበጠ፣ ውሃው እሳቱን አጠፋው። በጓሮ ዘሎ ቀበሮ ቤት ሮጠ።

«ቋንጣዬን! ቶሎ በይ፣ ቋንጣዬን!»

ቀበሮ ጢሟን ጠረገች። «አይ አያ ጅቦ፣ አለቀ እኮ! ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ እያልኩ። ለካ የአህይት ምክር ግሩም ነው!»

ከበስተኋላው አንበሳ «ግድ የለም፣ ደጋሹ ራሱ አለ አይደል?» ሲል ተሰማ። አያ ጅቦ ዞር ብሎ እንኳ አላየም፤ እግሬ አውጪኝ አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጅብ ማድቤት የለውም። ያገኘውን ጥሬውን እየዋጠ፣ አንድ ቦታ ሳይረጋ ይዞራል።

ከዚህ የምንማረው አዲሱ ምድጃ ሳይደርቅ አሮጌውን ያፈረሰ ጦሙን እንደሚያድር ነው።