የአስተዳዳሪው መሳቢያ

እጁም ምላሱም የተሳለ አንድ አናጢ ነበር። የወረዳው አስተዳዳሪ አቶ ባንቲወሰን አስጠሩትና የጠረጴዛቸውን መሳቢያ አሳዩት። በተዘጋ ቁጥር እንደ ጥይት እየጮኸ እንግዳ ያስደነግጥባቸው ነበር።

አናጢው በውስጡ የታጨቀውን ወረቀት አራግፎ መሳቢያውን አወጣው። የሚንሸራተትበትን ሐዲድ አጸዳ፣ ሰም ቀባ፣ በሚጋጭበት ጫፍም ጎማ ለጠፈ። ደጋግሞ ቢዘጋው ትንፍሽ አላለም። ደስ ብሎት ወረቀቶቹን ሲመልስ ግን ሁሉም ፊርማ ያላገኙ አቤቱታዎች መሆናቸውን አየ። የጎረቤቱ የወይዘሮ እታፈራሁ የውኃ አቤቱታ እንኳ ሁለት ዓመት ከርሞበታል። ሁሉንም እንደነበሩ መልሶ ወጣ።

በማግስቱ አስተዳዳሪው ባለጉዳይ በተሰበሰበበት አስጠሩት። የሞላውን መሳቢያ ገፋ ቢያደርጉት እንደ ድሮው ጓ አለ።

«እስቲ ፍረድ!» አሉት። «ጥፋቱ የማን ነው? ‹የእኔ ነው› ካልክ የሥራ ፈቃድህን እነጥቅሃለሁ። ‹የእርስዎ ነው› ካልክ ደግሞ ደፍረኸኛልና ትታሰራለህ።»

አናጢው እጅ ነስቶ እንዲህ አለ፦ «የሁለታችንም አይደለም ጌታዬ። መሳቢያው ባዶውን ሲዘጋ ድምፅ የለውም፤ የሚጮኸው የሰው አቤቱታ ሲከብደው ነው። የእንጨቱን ጩኸት እኔ በጎማ ዝም አሰኝቻለሁ። የሰዉን ጩኸት ዝም የሚያሰኘው ግን የእርስዎ ፊርማ ነው።»

 አስተዳዳሪው መነጽራቸውን አድርገው እስክሪብቶ ጠየቁ።