ደረጃው አልተኛም አለ

«ይሄም ቆሟል» አሉ አያ ደምሌ፣ ስልኩን ለልጃቸው እየመለሱ። «ይተኛ።»

ልጃቸው ምንይችል በጣቱ ገፋ አድርጎ ሌላ ሥዕል አመጣ። ገና ቆርቆሮ በለበሰው አዲስ ፎቅ ቤት ውስጥ፣ ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀምጠው የውስጥ ደረጃ እየመረጡ ነው። በሥዕሉ ላይ ያለው የብረት ደረጃ እንደ አጋዘን ቀንድ ተጠማዞ ወደ ላይ ይወጣል።

«ይሄስ አባዬ? ቦታ አይፈጅም።»

እናቱ እቴ ታንጉት ምርኩዛቸውን ተደግፈው አንገታቸውን አሰገጉ። «ይሄማ የጠጅ ቤት ደረጃ ነው! ሰውን ሳይጠጣ የሚያዞር።»

ሌላ መጣ። መርገጫው ብቻ ከግድግዳ ብቅ ብቅ ያለ፣ ከሥሩ ክፍት የሆነ።

«በዚህ መሃል ዶሮ ታልፋለች፤ እኔ ዶሮዋን ሳይ እወድቃለሁ» አሉና ሳቁ። ሲስቁ ግን ወገባቸውን ያዝ አደረጉ። «ተዉት በቃ። እናንተ ላይ እደሩ። ለእኔ ጓሮ ያለችው ሰርቪስ ትበቃኛለች።»

አያ ደምሌ መሬት መሬቱን አዩ። መኝታው ሁሉ ፎቅ ላይ ነው። የልጅ ልጆቹም የሚያድሩት እዚያው ነው። ታንጉት ከወደቁ ወዲህ እግራቸው ብዙ አይነሳላቸውም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በልጅ ትንፋሽ መሃል ያደሩ ሴት፣ አሁን ጓሮ፣ ከአንድ ዝምተኛ ሽማግሌ ጋር ሊቀሩ ነው።

«ይተኛ» አሉ ደግመው።

አያ ደምሌ ፊደል አልቆጠሩም፤ ቃልም አያበዙም። የፈለጉት ይህችኑ ብቻ ነው። መርገጫው ዝቅ ዝቅ ያለ፣ መሃሉ ላይ ማረፊያ ያለው፣ አቀበትነቱ የማያስታውቅ፣ የተኛ ደረጃ።

ተነሥተው ወደ አናጺው ወደ ካሳሁን ሄዱ። «ደረጃውን አስተኛው» አሉት።

ካሳሁን ሜትሩን ዘረጋ፤ መልሶ ጠቀለለ፤ ራሱን ነቀነቀ። «አባቴ፣ የተኛ ነገር ቦታ ይፈልጋል። ሰውም ሲተኛ እንደዚያው ነው። ይሄ የጀርባ ግድግዳ ወደ ኋላ ካልሸሸልኝ ደረጃው አይተኛም።»

እንግዲህ ደረጃው አልተኛም አለ፤ እቴ ታንጉትም ታች ቀሩ።

አያ ደምሌ ወደ ግንበኛው ወደ ይማም ሄዱ። «ግድግዳውን አሽሸው።»

«ማሸሹስ ቀላል ነበር» አለ ይማም፣ የግንበኛ ማንኪያውን ከሲሚንቶው እያነሣ። «ግን ከኋላው ማን እንደቆመ አላዩም? ዋንዛው! እኔ አዲስ መሠረት ልቆፍር ብል የምገባው ሥሩ ውስጥ ነው። መጀመሪያ እሱ ይውደቅ፤ ከዚያ እኔን ይጥሩኝ።»

ግድግዳው አልሸሽም አለ፤ ደረጃው አልተኛም አለ፤ እቴ ታንጉትም ታች ቀሩ።

አያ ደምሌ ወደ እንጨት ቆራጩ ሄዱ። «ዋንዛውን ጣለው።»

እንጨት ቆራጩ መጋዙን ተሸክሞ እየዘፈነ መጣ። ግንዱን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። ጆሮውን ለጠፈበት። ከዚያ መጋዙን ጥሎ ወደ ኋላ ዘለለ።

«ኧረ ይሄ ዛፍ ያጉረመርማል! ሆዱ ውስጥ ንብ ሰፍሮበታል። አያ ደምሌ፣ ሚስቴን ያለ ባል ሊያስቀሯት ነው?» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ጭስ ልልቀቅበትና ላባርረው?»

አያ ደምሌ እጃቸውን አነሡ። ማንም ሳይጠራው በገዛ ራሱ የመጣ ንብ ረድኤት ነው። አይቃጠልም። አይባረርም። ይህን አባታቸው ነግሯቸዋል፤ ለአባታቸውም አባቱ።

ዋንዛው አልወድቅም አለ፤ ግድግዳው አልሸሽም አለ፤ ደረጃው አልተኛም አለ፤ እቴ ታንጉትም ታች ቀሩ።

ምን ያድርጉ? ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ንቦቹ ሄዱ። «ተነሡ» አሏቸው፣ በትሕትና።

ንቦቹም መልስ ሰጧቸው። አንዷ፣ ጆሯቸው ላይ።

ንቦቹ አንነሣም አሉ፤ ዋንዛው አልወድቅም አለ፤ ግድግዳው አልሸሽም አለ፤ ደረጃው አልተኛም አለ፤ እቴ ታንጉትም ታች ቀሩ።

ንብ የሚሰማው ሰው ቢኖር ጎረቤታቸው ጣሰው ነው። ቀፎዎቹን ከአጥሩ ማዶ በተርታ ሰቅሏል። አያ ደምሌ አበጥ ያለ ጆሯቸውን ይዘው አጥሩ ጋ ቆሙ።

«ደህና ዋልክ?»

«እግዜር ይመስገን» አለ ጣሰው፣ ቀና ሳይል።

«ንብ» አሉ አያ ደምሌ፣ ወደ ዋንዛው እየጠቆሙ።

«አውቃለሁ። ሲገባም አይቼዋለሁ። ንቡስ ይነሣል፤ ጣሰው ግን አይነሣም።» አሁን ቀና አለ። «ደምሌ፣ መሠረት የጣላችሁ ዕለት እኔ የት ነበርኩ? እዚሁ ነበርኩ! አጥር ሥር! የገጠሩ ዘመድ ሁሉ ተጠርቶ መጣ። የበጉን ጩኸት ሰማሁ። የዕልልታውን ድምፅ ሰማሁ። ስሜን ግን አልሰማሁም። ልብሴን ለብሼ እስኪመሽ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ነበር።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ለሩቁ ሁሉ መልእክተኛ ተልኳል። ጣሰው ጋ ሲደረስ ግን «እሱማ የቤት ሰው ነው፣ የቤት ሰው ይጠራል ወይ?» ተባለና ታለፈ። እነሱ ይመጣል ብለው ጠበቁ። እሱ ይጠሩኛል ብሎ ጠበቀ።

አያ ደምሌ ይህን ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ዘጉትና ተመለሱ።

ኩርፊያው አልፈታም አለ፤ ጣሰው አልመጣም አለ፤ ንቦቹ አንነሣም አሉ፤ ዋንዛው አልወድቅም አለ፤ ግድግዳው አልሸሽም አለ፤ ደረጃው አልተኛም አለ፤ እቴ ታንጉትም ታች ቀሩ።

«ጆሮህን ምን አገኘው?» አሉ እቴ ታንጉት፣ ሰርቪሷ በር ላይ እንደተቀመጡ።

«ንብ።»

«ጣሰውስ?»

«አኩርፏል። መሠረት ስንጥል አልጠራችሁኝም ነው የሚለው።»

«ወይ ጉዴ! እውነቱን ነው። ታዲያ ምን አልከው?»

«ምንም።»

«ምንም! ሰው ጎረቤቱ አኩርፎት ምንም ብሎ ይመለሳል?» በምርኩዛቸው መሬቱን መቱ። «በል ተቀመጥ። አንድም ሳታስቀር ከሥሩ ንገረኝ። ምን ምኑን ያዘው?»

አያ ደምሌ ተቀመጡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በዕድሜያቸው ይህን ያህል ተናግረው አያውቁም።

«ኩርፊያው ካልተፈታ ጣሰው አይመጣም። ጣሰው ካልመጣ ንቡ አይነሣም። ንቡ ካልተነሣ ዋንዛው አይወድቅም። ዋንዛው ካልወደቀ መሠረቱ አይቆፈርም። መሠረቱ ካልተቆፈረ...»

እዚህ ላይ ቆሙ። ታንጉትን አዩ። ታንጉትም እሳቸውን አዩ።

«መሠረት» አሉ አያ ደምሌ። ብድግ አሉ።

«ወዴት ነው?»

«ልጠራው።»

አሁን አጥሩ ጋ አልቆሙም። ዞረው በበሩ ገቡ። ጣሰው ቀፎ ይለስናል። ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ያዙ።

«ጣሰው፣ ግድግዳው ሲሸሽ አዲስ መሠረት ይጣላል። የመጀመሪያውን ድንጋይ የምትጥለው አንተ ነህ። ከአንተ በፊት ማንም አይጠራም።» ጎንበስ አሉ። «ያን ቀን የቤት ሰው ብለን ተውንህ። ጥፋታችን ነው። ይቅር በለን።»

ጣሰው እጁ በጭቃ እንደተለወሰ ቀና አለ። «ይሄን ሁሉ ቃል ከየት አመጣኸው?» አለ።

«ከታንጉት።»

ጣሰው ሊስቅ አልፈለገም፤ አመለጠው። ሳቁ ሳል ሆነበት፣ ሳሉ እንባ ሆነበት፤ በክንዱ ጠረገው። «በጉስ?»

«አለ።»

«ዕልልታውስ?»

«ታንጉት አለች።»

«በል ቀፎውን ያዝልኝ» አለ ጣሰው።

ወዲያው ኩርፊያው ተፈታ። ኩርፊያው ሲፈታ ጣሰው ተነሣ። ጣሰው ሲነሣ፣ ቀፎውን ጥሩ መዓዛ ባለው ቅጠል አሽቶ ወደ ዋንዛው ወጣ፤ አውራዋን ፈልጎ አገኛትና ቀስ አድርጎ አስገባት። አውራዋ ስትገባ ንቦቹ እንደ ሠርገኛ ተከትለው ገቡ። ንቦቹ ሲነሡ ዋንዛው ወደቀ። ዋንዛው ሲወድቅ መሠረቱ ተቆፈረ። ልብሱን ለብሶ ከሁሉ ቀድሞ የመጣው ጣሰው ድንጋዩን አነሣና፣ «የገባበት የሚጠግብበት፣ የወጣበት የሚመለስበት ቤት ይሁን» ብሎ መርቆ ጣለው። አሜን ተባለ፤ እቴ ታንጉት ዕልልታውን አቀለጡት። መሠረቱ ሲጣል ግድግዳው ሸሸ። ግድግዳው ሲሸሽ ካሳሁን ሜትሩን ዘረጋ፤ አሁን ራሱን አልነቀነቀም።

ደረጃውም ተኛ።

ዝቅ ዝቅ ብሎ ተኛ። መሃሉ ላይ ሰፊ ማረፊያ አለው፤ ከማረፊያው በላይ መስኮት ተከፍቶለታል። የእጅ መደገፊያው በእቴ ታንጉት ቁመት ልክ ነው። ለምንይችል ሚስት አጠረባት፤ እሷ ግን ጎንበስ ብላ ትይዘዋለች።

እቴ ታንጉት የወጡ ዕለት ሁሉም ተሰብስቧል። ካሳሁን ሥራው ቢያልቅም አልሄደም፤ ይማምም ቆሟል፤ ጣሰው ማር በእንስራ ይዞ መጥቷል። ታንጉት አንድ እግር አነሡ፤ ሌላውን አስከተሉ። ምንይችል ሊደግፋቸው ቢጠጋ በምርኩዛቸው መለሱት። ማረፊያው ላይ ደርሰው ተቀመጡ፤ የሸሸውን ግድግዳ በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉት፤ «ደግ ግድግዳ» አሉት። ደግመው ተነሡ።

አያ ደምሌ ከታች ቆመው እጃቸውን ዘርግተዋል፤ ቢወድቁ ሊቀልቧቸው። አልወደቁም። ላይ ሲደርሱ የልጅ ልጆቹ በየክንዳቸው ተንጠለጠሉባቸው፤ አንዷ ነጠላቸውን ይዛ ወደ መኝታው ትጎትታለች።

አያ ደምሌ እጃቸውን መመለስ ረሱ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጎናቸው የቆመው ጣሰው ብቻ ሰማቸው። «ኩርፊያው ስለተፈታ ተመስገን። ጣሰው ስለመጣ ተመስገን። ንቦቹ ስለተነሡ ተመስገን። ዋንዛው ስለወደቀ ተመስገን። ግድግዳው ስለሸሸ ተመስገን። ደረጃው ስለተኛ...»

እቴ ታንጉት ከላይ መደገፊያውን ይዘው ጎንበስ አሉ።

«አንተ ሰውዬ! ምስጋናውን እዚህ መጥተህ ጨርሰው፤ ልጆቹ በመሃላቸው ቦታ ይዘውልሃል።»