የአሰልጣኝ ጋረደው ኮት

በዋሻ ውሃ ከተማ አንድ ሰው ያባረረውን ሠራተኛ ወይም የተጣላውን ሸሪኩን «ና፣ እንደ ድሮው እንሁን» ብሎ ሊመልስ ሲነሳ፣ አጠገቡ ያለ ሰው አንዲት አጭር አባባል ጣል ያደርግለታል። እንግዳ የሰማት እንደሆነ ጥንት አንድ ሊቅ የተናገራት ትመስለዋለች። ሊቅ አልተናገራትም። የተናገሯት የኳስ ሜዳ መስመር በኖራ ሲያሰምሩ ያረጁ ሰው ናቸው፤ የተነገረችውም በልብስ ሰፊው በጥላዬ ሱቅ ደጃፍ፣ በአንድ ኮት ምክንያት ነው።

ጥላዬ እጁ መቀስ ላይ ይሁን እንጂ ልቡ ኳስ ሜዳ ነበር። የዋሻ ውሃ ከነማ በሚጫወትበት ቀን ሱቁን ዘግቶ፣ ከበሮውን ተሸክሞ ይወጣል። ቡድኑ ካሸነፈ የደንበኛው ሱሪ በቀጠሮው ይደርሳል፤ ከተሸነፈ ግን ማክሰኞ የተባለው ለዓርብም አይደርስም። ይህን ጠባዩን የሚያውቁ ሰዎች ለሠርግ ልብስ የሚያሰፉት መጀመሪያ የቡድኑን የጨዋታ ፕሮግራም አይተው ነው ይባላል።

በሱቁ ግድግዳ ላይ፣ ከስፌት መኪናው ከፍ ብሎ፣ አንድ ቡናማ ኮት በላስቲክ ተሸፍኖ ዘጠኝ ዓመት ተሰቅሎ ኖረ። የአሰልጣኝ ጋረደው ኮት ነው። ጋረደው የዋሻ ውሃ ከነማን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለዋንጫ ያበቃ ሰው ነበር። ያን ዓመት ፀሐይም ይሁን ዝናብ ሜዳ ዳር የሚቆመው በዚያ ኮት ነበርና ደጋፊው ኮቱን ገና ከሩቅ ሲያይ ደስ ይለዋል። በሚቀጥለው ዓመት ቡድኑ አራት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈ፤ ያ ሁሉ ፍቅር በአንድ ወር ተገለበጠ። «ጋረደው ጋረደን፣ ዞር በል ፀሐይ እንይ» የሚለውን ዜማ ከበሮ እየመታ ያወጣው ሌላ ማንም ሳይሆን ጥላዬ ነው። ዜማው ለአፍ ይመች ስለነበር ሕዝቡ ወዲያው ተቀበለው። ጋረደው ሁለት ሳምንት ሰማው፤ በሦስተኛው ሳምንት ሻንጣውን ይዞ በማለዳ አውቶቡስ ከተማውን ለቀቀ። ኮቱን ለማስተካከል ጥላዬ ዘንድ ሰጥቶት ነበር፤ ሳይወስደው ሄደ።

ጥላዬ ኮቱን ለምን እንዳልሸጠው ሲጠየቅ «ታሪክ አይሸጥም» ይል ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። በገዛ ከበሮው ያባረረው ሰው ነውና፣ ቀና ብሎ ኮቱን ባየ ቁጥር ጥፋቱ ይታወሰዋል። አንድ ቀን ሰውየው መጥቶ፣ ኮቱን ከእጁ ተቀብሎ፣ «ይቅር ብዬሃለሁ» እንዲለው ነበር የሚመኘው። ይህን ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም።

በዘጠነኛው ዓመት ቡድኑ እዮኤል በሚባል ወጣት አሰልጣኝ እጅ ነበር። እዮኤል ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ደብተር ከእጁ የማይለይ ሰው ነው። ስድስት ጨዋታ ሳያሸንፍ አለፈና ቡድኑ ከሊጉ ለመውረድ ጫፍ ላይ ደረሰ። አንድ እሑድ የደጋፊዎች ማኅበር በቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰበ፤ ጥላዬ ከሁሉ ቀድሞ ተነሳ።

«መድኃኒቱን እያወቅነው ለምን እንታመማለን? ጋሽ ጋረደው ይመለስ። ዞሮ ዞሮ ከቤት ነው» አለ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። የማኅበሩ ጸሐፊ የሒሳብ መምህርቷ ቆንጂት ናት፤ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠብቃ ተነሳች።

«ለመሆኑ ጋረደው የሄደው ታሞ ነው? እኛ አይደለን እንዴ ያባረርነው? በማን ከበሮ እንደሆነ አልናገርም።»

ሰው ሳቀ። ጥላዬ አንገቱን ደፋ። «ያኔ ተሳስተን ነበር» አለ።

«ያኔ ከተሳሳትን ዛሬም ልንሳሳት እንችላለን። ዋንጫውን ያመጡት ልጆች ዛሬ የት አሉ? በረኛው ባጃጅ ይነዳል፤ አጥቂው ሆድ አውጥቶ እዚያ ጋ ተቀምጧል፣ አያችሁት። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል፤ ጋረደውም ከሄደ ወዲህ ሽንፈቱ ሁሉ ተረሳለት። እዮኤል እኮ ገና ሰባት ወሩ ነው። ሚስቱ ከወለደች ወር አልሞላትም። ከዚህ ተባርሮ ሲሄድ ማን ይቀጥረዋል?»

«እዮኤል ጥሩ ልጅ ነው፤» አለ ጥላዬ፣ «ጥሩ ልጅነት ግን ጎል አያገባም።»

በዚህ ንግግር ነገሩ አለቀ። እጅ ሲወጣ ሳያወጡ የቀሩት ቆንጂትና አባባ ይርዳው ብቻ ነበሩ። አባባ ይርዳው ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሜዳውን መስመር በኖራ ያሰመሩ ሽማግሌ ናቸው። ለምን እንዳላወጡ ሲጠየቁ «እኔ መስመሩን ነው የማሰምረው። መስመሩ ዳር ማን ይቁም የሚለው የእናንተ ነው» አሉ።

የክለቡ ኃላፊዎች ጋረደው እሺ ካለ እዮኤልን እንደሚያሰናብቱ ተናገሩ። አንድ ሰው «እንደውልለታ» ቢል ሁሉም ጮኸበት። ያባረሩትን ሰው በስልክ መጥራት በዋሻ ውሃ ነውር ነው። አኩርፋ ለሄደች ሚስት የሚላከው ለጋረደውም እንዲላክ ተወሰነ፤ ሦስት ሽማግሌ። አባባ ይርዳው አልፈልግም ቢሉም በዕድሜያቸው ተመረጡ፤ ሁለተኛው የዕድሩ ሊቀመንበር፣ ሦስተኛው ደግሞ በዚያ ሜዳ ሳይሰደብ የዋለበት ቀን የሌለ ጡረተኛ የኳስ ዳኛ ነው። ጥላዬ መንገድ መሪ ሆኖ ተከተላቸው።

ጋረደውን ያገኙት በአውቶቡስ አምስት ሰዓት ርቀው፣ ቆላ ውስጥ፣ ፓፓያ ሲያጠጣ ነው። ያ ከሲታ ሰውዬ ቀርቷል። ጉንጩ ሞልቷል፣ ትከሻው ሰፍቷል፤ ሲስቅ ሆዱም አብሮ ይስቃል። ጥላዬን ሲያይ ቧንቧውን ጥሎ እቅፍ አድርጎ ሳመው። ጥላዬ ሊናገር ያሰበውን ትቶ ወደ ሽማግሌዎቹ ጠቆመው።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አለ ጋረደው።

«የመጣንበት ካልተፈጸመልን አንቀመጥም» አለ የዕድሩ ሊቀመንበር፣ እንደ ደንቡ፤ ጉዳዩንም ተናገረ።

«ተቀመጡና እንነጋገርበት።»

«እሺ ሳትለን አንቀመጥም።»

የቆላ ቀትር ነው። ዛፉ ጥላውን እግሩ ሥር ሰብስቦታል። ሽማግሌዎቹ ቆሙ። ጋረደው ስለ ፓፓያው፣ ስለ ደም ግፊቱ፣ ስለ ልጁ ትምህርት አወራ፤ እነሱ ቆመው ሰሙት። የኳሱ ዳኛ ላብ ከአገጩ ይንጠባጠብ ጀመር። ጎረቤት በአጥር ላይ አንገቱን አሰገገ። በመጨረሻ የጋረደው ሚስት ከቤት ወጥታ «ኧረ ጋረደው፣ ሽማግሌ ደጃችን ላይ በፀሐይ ወድቆ አገር ምን ይለናል?» አለችው።

ጋረደው የፓፓያ ተክሉን በዓይኑ ዞረው። «እንግዲህ ሽማግሌ አላሳፍርም፤ እሺ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። እሺታው ለመቆማቸው እንጂ ለጥያቄያቸው አለመሆኑን አባባ ይርዳው ያን ጊዜውኑ ገብቷቸዋል። ጥላዬ ግን «እሺ» የምትለዋን ብቻ ነው የሰማው። ወደ ቤት ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ አምስት ሰዓት ሙሉ ሲያንጎራጉር መጣ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋረደው ዋሻ ውሃ ገባ። ደጋፊው ሁሉ በጥላዬ ሱቅ ደጃፍ ተሰብስቧል፤ አሰልጣኙ ኮቱን ለብሶ እንዲወጣና ሕዝቡ አጅቦት ሜዳ እንዲገባ ነበር የተመከረው። ሱቁ ውስጥ ጥላዬ፣ ጋረደውና አባባ ይርዳው ብቻ ናቸው። ጥላዬ ላስቲኩን ገፈፈ፤ ኮቱን በሁለት እጁ ይዞ ከኋላ አለበሰው። እጅጌው እንደ ምንም ገባ። ትከሻው ላይ ሲደርስ ጨርቁ ተወጠረ፤ ከፊት ቁልፍና ቀዳዳው በስንዝር ተራርቀው ቀሩ።

«እንዳልተነፍስ ነው የፈለግከው?» አለ ጋረደው።

«አይዞህ ጋሼ፣ አሰፋዋለሁ። ሃያ ደቂቃ አይፈጅም» አለና ጥላዬ ኮቱን አስወልቆ፣ ገበሩን መተርተር ጀመረ። ጋረደው በሸሚዙ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ውጭ የሌሎች ደጋፊዎች ከበሮ ይመታል።

በዚህ መሀል እዮኤል ሰውን እየገፋ ገባ። ጎንበስ ብሎ ጋረደውን ሰላም አለና ደብተሩን ሰጠው።

«የተጫዋቾቹ ነገር ሁሉ እዚህ ተጽፏል። ግራ ተከላካዩ ጉልበቱን ያመዋል፤ አይናገርም፣ እርስዎ ይጠይቁት። ሁለተኛው በረኛ እናቱ ሞታበታለች፤ ለጥቂት ጊዜ ባይቆጡት ጥሩ ነው።» ከዚያ ለጥላዬም እጁን ዘረጋለት። «የልጁ ልብስ ደርሶ ከሆነ ሚስቴ መጥታ ትወስዳለች» አለና ወጣ።

ጋረደው ደብተሩን ገለጠ። ገጽ በገጽ አነበበ፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ ቆም ይላል። ጥላዬ በበኩሉ የጎኑን ስፌት ተርትሮ ጨረሰ። ጣቱን ሰደደ። ትርፍ ጨርቅ የለም። ሌላኛውን ጎን ተረተረ፤ እዚያም የለም። ጨርቁ ከስፌቱ ጥግ ላይ በመቀስ ጥርግ ተደርጎ ተቆርጧል። የተቆረጠበት ቀን ትዝ አለው።

አራተኛው ሽንፈት ማግስት ነበር። ጋረደው በሐሳብ ከስቶ ኮቱ ስለሰፋው «አጥብብልኝ» ብሎ አመጣው። ጥላዬ ሙያውን ያስተማረው ሰው ልብስ ሲጠብ ትርፉ ታጥፎ ውስጥ ይተዋል እንጂ አይቆረጥም ይለው ነበር፤ ሰው ይከሳል፣ ይወፍራል። ጥላዬ በሃያ ዓመት ሙያው ይህን አፍርሶ አያውቅም። ያን ቀን ግን ተናዶ ነበር። «ከእንግዲህ ለዚህ ሰውዬ ምን ሊሠራለት» ብሎ ትርፉን ቆረጠ፤ በቆረጠውም ጨርቅ የመኪናውን ዘይት ጠረገበት።

«ሃያ ደቂቃው አለፈ እኮ» አለ ጋረደው ዓይኑን ከደብተሩ ሳያነሳ።

ጥላዬ ዝም ማለት ይችል ነበር። «ጨርቁ አርጅቷል፣ አይሰፋም» ቢል ማን ያውቅበታል? ኮቱን ጭኑ ላይ እንደያዘ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ይሄ ኮት አይሰፋም። ትርፉን እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ያኔ፣ ስንሸነፍ፣ ተናድጄ። ሰፊ እንዲህ አያደርግም፤ እኔ አደረግኩ።» የተቆረጠውን ጠርዝ ገልጦ አሳየው። «ዜማውንም ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«ዜማውን ያወጣኸው አንተ መሆንህን አገር ያውቃል፤» አለ ጋረደው፣ «ይቅር ያልኩህም ገና አውቶቡሱ ላይ ሳለሁ ነው። ግማሽ መንገድ ስደርስ ራሴው ሳንጎራጉረው ተያዝኩ። ጥሩ ዜማ ነበር።»

ጥላዬ እንባው መጣ። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀው ቃል ይኸው ነው፤ ሲሰማው ግን ጎኑ የተተረተረ ኮት ይዞ ነው።

«ለዚህ ብለህ ከሆነ ያመጣኸኝ፣ አንድ ደብዳቤ ይበቃ ነበር» አለ ጋረደው። ደብተሩን አጥፎ ወደ ጥላዬ ዘረጋው። «አሁን ንገረኝ፤ ይህን የጻፈውን ልጅ ነው የምታባርሩት? እኔ በዋንጫው ዓመት እንኳ የበረኛዬ እናት በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም ነበር።»

ጥላዬ ደብተሩን ተቀበለ። የተጨማደደ ገጽ ላይ የግራ ተከላካዩ ጉልበት ተሥሏል፤ የሚያመው ቦታ በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል። ከመደርደሪያው ላይ ተሰፍቶ ያለቀውን የእዮኤልን ልጅ ልብስ አየ። በአዳራሹ የተናገረው ነገር አሳፈረው። ወደ አባባ ይርዳው ዞረ።

«አባባ፣ እናንተ ፊት የሰጠውን ቃል መልሱለት። ያስቆምናችሁ እኛ ነን፤ ጥፋቱ የኛ ነው።»

«ገና ፀሐዩ ላይ ቆሜ ሳለሁ መልሼለታለሁ» አሉ አባባ ይርዳው። «አንተ ደግሞ ተነስ፤ ደብተሩን ለባለቤቱ አድርስ። ያለዚያ ልጁ ሜዳ ገብቶ ባዶ እጁን ነው የሚቆመው።»

ጥላዬ ደብተሩን ብብቱ ሥር ከትቶ፣ የሕፃኑን ልብስ በወረቀት ጠቅልሎ ተነሳ። ከበሮውን እዚያው ተወው። ጋረደው በሸሚዙ ብቻ ጥላዬን ተከትሎ ሲወጣ ሰው እርስ በርሱ ተያየ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ወደ ሜዳው መንገድ ጀመሩ፤ መንገዱን የለቀቀችላቸው ቆንጂት ናት።

«ምንድን ነው? ኮቱስ?» አለ አንዱ። «ባይሆን ሌላ ጨርቅ ይቀጠልበት!»

አባባ ይርዳው ጥላዬ የተወውን ኮት አንስተው ደጃፉ ላይ ቆሙ፤ የተተረተረውን ጎን ለሁሉም እንዲታይ ገልጠው ያዙትና «ልጆቼ፣» አሉ፣ «በንዴት የቆረጡት በናፍቆት አይሰፋም።»