ጨው የሌለው ምሳ

በአንድ ወቅት ከከተማ ወጣ ብሎ በተሠራ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ወንዳፍራሽ የሚባል የሽመና ማሽን ሠራተኛ ነበር። የፋብሪካው በር ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከተዘጋ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አይከፈትም። ምግብ ይዞ መግባትም ክልክል ነው፤ ፍርፋሪው አይጥ እየጠራ ክር አስበልቷል ተብሎ። ምሳ ያለው በግቢው ክበብ ብቻ ነው፤ እሱም ጨው የበዛበት ሽሮ።

አንድ ቀን ወንዳፍራሽ ማሽኑ ሥር ተዘርሮ ወደቀ። ሐኪሙ መርምሮት፣ «ደም ብዛት ነው፤ ጨው አቁም» አለው። «ግን ሰውነትህም አልቋል። ምሳህ ላይ ምስር፣ ባቄላ፣ እንቁላል ካልጨመርክ አቅም አታገኝም።»

«ዶክተር፣ ምሳዬን የምመርጠው እኔ አይደለሁም» አለ ወንዳፍራሽ።

አለቆቹን ለመነ። «ለአንድ ሰው ብለን ደንብ አንሽርም» አሉት። ሥራውን እንዳይለቅ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት። ስለዚህ ምሳ መብላት ተወ። በሁለተኛው ሳምንት ሰው ሲበላ እሱ የክበቡን ግድግዳ ተደግፎ ደጃፉ ላይ ይቀመጥ ጀመር።

ይህን ያየው የክበቡ ወጥ ሠሪ ዘርጋው ነው። የሽሮውም የበርበሬውም ዱቄት ከነጨው የተፈጨ ስለሆነ፣ ምስር በነጭ ሽንኩርትና በቲማቲም ብቻ ለብቻው እየቀቀለ በጣሳ ያቀብለው ጀመር። ወር እንኳ ሳይሞላው የክበቡ ባለቤት ደረሰበት። «ለማን ነው ይሄ?» ሲለው ዘርጋው ስም አልጠራም። በዚያው ዕለት ከሥራ ተባሮ ሽርጡን አውልቆ ወጣ።

ከዚያ የበሩ ዘበኛ ጋሼ አስረስ ነገሩን ሰሙ። ሃያ ዓመት ሙሉ ኪስ ሲፈትሹ አንድም ሰው አዝነው አሳልፈው የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው። ከቤታቸው ዶሮዎች ሦስት ሦስት እንቁላል እየቀቀሉ በካፖርታቸው ያስገቡለት ጀመር። አለቃው ተጠራጥሮ፣ «በዚህ በር ምግብ ይገባል?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ማርያምን፣ አይገባም» አሉ።

ሥራቸው ተረፈ። ግን በሐሰት ምለዋልና የዚያን ሰሞን ለመቁረብ ተዘጋጅተው ሳለ ቀሩ፤ ቤተ ክርስቲያንም ከደጀ ሰላሙ አያልፉም። በበሩም ፍተሻው ስለጠበቀ እንቁላሉ ቆመ።

ወንዳፍራሽ አራት ቀን በረሃብ ሠራ። በአምስተኛው ቀን ክበብ ገብቶ ሽሮ አዘዘ። «ከዚህ ወዲያ ይግደለኝ» ብሎ እንደጎረሰ፣ ከጎኑ ባለው ማሽን የሚሠራው ባልደረባው ታፈረ ሳህኑን በሰው ሁሉ ፊት መሬት ላይ ደፋው።

«ምን አገባህ!» ብሎ ወንዳፍራሽ በቡጢ አለው። የታፈረ የፊት ጥርስ ወለቀ። ታፈረ አልመለሰም። ደሙን በእጅጌው ጠርጎ ወደ ሠራተኛው ዞረና፣ «ለዚህ ሰው ጨው የሌለው ድስት እስኪጣድ እኔ እዚህ አልበላም» አለ። በማግስቱ ሃምሳ ሰው ሳይበላ ዋለ፤ በሦስተኛው ቀን ክበቡ ጭር አለ። በአራተኛው ቀን አንዲት ትንሽ ድስት ተጣደች።

ወንዳፍራሽ ዳነ። እሱና ታፈረ ግን እስከ ዛሬ አይነጋገሩም፤ አንደኛው ስለተዋረደ፣ ሁለተኛው ስለተመታ።

አሁን ሚስቱ ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ አርባ ቀኑ እሁድ ይሞላል። የክርስትና አባት አንድ ብቻ ነው። «ዘርጋው ባይጀምር እስከ እንቁላሉ አትደርስም ነበር፤ እንጀራውንም ያጣው ባንተ ነው» ትላለች ሚስቱ። እናቱ ደግሞ፣ «ለነፍስህ ብለው ነፍሳቸውን ያስያዙትን ሽማግሌ ትዘላለህ?» ይላሉ። እሱ ግን ማሽኑ ላይ ቆሞ ሲሠራ ዓይኑ እየሸሸ ታፈረ ላይ ያርፋል፤ ታፈረ ቀና ሲል ደግሞ ያቀረቅራል።

እንግዲህ ሰሚዎች፣ ፍርዱ የእናንተ ነው፤ ልጁን ማን ክርስትና ያንሳው? እንጀራውን ያጣው ዘርጋው፣ በሐሰት የማሉት ጋሼ አስረስ፣ ወይስ አዋርዶ ያዳነው ታፈረ?