ሸክላ ሰብሳቢው ቀኛዝማች

ቀኛዝማች መርዕድ የጥንት ሰዎች ከሸክላ የሠሯቸውን ትንንሽ ምስሎች መሰብሰብ ይወዱ ነበር። አንገት የሌለው፣ እጁ የተሰበረው፣ ሆዱ የተነፋው ሁሉ በእልፍኛቸው ተደርድሮ ለእንግዳ ይታያል። በግዛታቸው መሬት ሲቆፍር ምስል ያገኘ ሰውም አምጥቶ እንዲያስረክብ አዘዙ።

አንዲት ባልቴት ለጎመን መደብ ስትቆፍር ወገቧን የያዘች የሸክላ ሴት አገኘች። ፊቷ ኮስታራ ስለሆነ «አማቴ» አለቻትና ከምሰሶው ሥር አቆመቻት። ወሬው ሲሰማ ሴትዮዋ ከነምስሏ ተይዛ ቀረበች።

«ለምን ደበቅሽ?» አሉ ቀኛዝማች በእንግዶቻቸው ፊት።

«አልደበቅኩም ጌታዬ። ብቸኛ ነኝ፣ አብራኝ ትውላለች። ደግሞ እንደ እውነተኛዋ አማቴ ወጤን አታማም።»

እንግዶቹ ፈገግ ሲሉ ቀኛዝማች ተቆጡ። «ስሚ፤ በዚህ አገር ከአፈር የተሠራ ሁሉ የእኔ ነው። አይደለም ካልሽ ትገረፊያለሽ። ነው ካልሽ አስቀምጫትና ውጪ።»

ሴትዮዋ ምስሏን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችና እሷም አጠገቧ ተቀመጠች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ነው ብያለሁ ጌታዬ። ቄሱ ሰው ከአፈር ተሠራ ሲሉ ሰምቻለሁና እኔም የእርስዎ ነኝ። ከመደርደሪያው ቦታ ይስጡኝ፤ ምሳና እራት ግን እበላለሁ። እርስዎም ያው አፈር ነዎት። ብቻ ተሾመው የመጡት ከሌላ አገር ስለሆነ፣ የዚያ አገር ጌታ ሸክላዬ ጠፋብኝ ብሎ እስኪመጣ ድረስ እንዳይሰበሩበት እንጠብቅለታለን።»

እንግዶቹ ሳቃቸውን መያዝ ሲያቅታቸው ቀኛዝማች ምስሏን በገዛ እጃቸው አንስተው አስታቀፏትና በሩን አሳዩአት።